ጥቁሩ ነው ወይስ ጠፍጣፋው? የሐርቡ ቦይ ቀንድ አውጣዎች

የአንባቢው ጥያቄ ይሄ ነው፦

«የምጽፈው ከወሎ፣ ከሐርቡ ነው። ከቦርከና ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሽንኩርት አለማለሁ። የስምንት ዓመት ልጄ ሆዱን ያመው ጀመር፣ ሰገራው ላይ ደም ታየ። ጤና ጣቢያ ስወስደው ቢልሃርዝያ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። የሠፈሩ ሰው በሽታውን የያዘው ጥቁሩ ቀንድ አውጣ ነው፣ ቡናማው ግን ምንም አይልም ይላል። እኔም ከቦዩ ለቃቅሜ ፎቶ ልኬልሃለሁ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌሎቹ ሾጠጥ ያሉ ናቸው፣ እርስ በርስ ተመሳሰሉብኝ። የትኛው ነው? እንዶድ ቀጥቅጬ ብደፋበት ይጠፋል? ከብቶቼም እየከሱ ነው፣ የሚግጡት ጨፋ ረግረግ ላይ ነው። ከዚሁ ጋር ይገናኝ ይሆን?»

ቀለሙን እርሳው። ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ቢጫው የሚባለው ነገር ቀንድ አውጣ ለመለየት አይሠራም። ቅርፊቱ ቀለም የሚይዘው ከውኃው፣ ከጭቃውና ላዩ ላይ ከሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነው። የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ ጥቁር ደለል ውስጥ፣ ሌላው ጠጠር ላይ ካደጉ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘህ ፈተግ ፈተግ ብታደርገው «ጥቁሩ» ቡናማ ሆኖ ቁጭ ይላል። መጠንም ብቻውን አያዋጣም፤ ትንሹ ሌላ ዘር ሳይሆን የትልቁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከላክኸው ውስጥ ሳላመነታ ስሙን የምነግርህ ጠፍጣፋውን ነው። ባዮምፋላሪያ ይባላል። ልጅህን ያመመው የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው፣ በትል የሚመጣ በሽታ፤ እሱን የሚያስተላልፈው ደግሞ ይሄ ወገን ብቻ ነው። ሾጣጣዎቹ ጥቁር ሆኑ ቡናማ በልጅህ ሕመም እጃቸው የለበትም። ሠፈርተኛው ሁሉ ጥቁሩን ሲያሳድድ ዋናው ተጠያቂ ቦዩ ውስጥ በሰላም ይኖራል ማለት ነው።

አለያየቱን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ፎቶህ ላይ እጅህ ባዶ ነው፣ ጣቶችህ እርጥብ ናቸው። ቀንድ አውጣ አይናከስም፣ መርዝ የለውም፣ ደረቅ ቅርፊቱን መንካትም ምንም አያመጣም። የሚያሳምመው ውኃው ነው። የተያዘ ቀንድ አውጣ ጅራታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ልብ ካላልካቸው በዓይን የማይለዩ እጮችን ወደ ውኃው ይለቃል፤ እነሱም በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ቁስል ወይም ጭረት አይፈልጉም፣ ደህና ቆዳ ይበቃቸዋል። ብዙ ሰው በሽታው ውኃ በመጠጣት ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። በመጠጣትም በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ሊገባ ይችላል፣ ዋናው በሩ ግን እግርና እጅ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ስትለቅም የጎማ ጓንት አድርግ፣ ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት አውጣቸው፣ የሰበሰብክበትን ጣሳ ውኃም እንደ ቦዩ ውኃ ፍራው።

አሁን ወደ ቅርጹ። ባዮምፋላሪያ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ቀበቶ ነው። ወደ ላይ የወጣ ጫፍ የለውም፣ ሁለቱም ጎኑ መሀሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። ያደገው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ያንተው ከማስመሪያው አጠገብ 11 ሚሊ ሜትር ይነበባል፣ ያስረገጠኝም እሱ ነው። ምክንያቱም ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ ባዮምፋላሪያ አይደለም። እዚያው ሣር ላይ የሚለጠፉ፣ አድገውም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ የሚቆሙ የቅርብ ዘመዶች አሉት። ጋይራውለስ አንዱ ነው። ሌላው ሴግመንቶርቢስ ነው፤ ብርሃን ላይ ስትይዘው ቅርፊቱ ውስጥ እንደ ግድግዳ ያሉ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ ቢልሃርዝያ አያስተላልፉም። ችግሩ የባዮምፋላሪያ ልጅም 5 ሚሊ ሜትር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ትንሽ ጠፍጣፋ ብቻ ካገኘህ አትፍረድ፣ ትልቁን ፈልግ።

ሾጣጣዎቹን ለመለየት ጫፉን ወደ ላይ፣ የአፉን ቀዳዳ ወደ ራስህ አድርገህ ያዘው። ቀዳዳው በቀኝህ በኩል ከሆነ ሊምኒያ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፣ የሰው ሳይሆን የከብት ጣጣ ያለበት። በግራህ ከሆነ ቡሊነስ ነው ወይም ፊዛ ነው። በቃ፣ አንድ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ግን ስልክህ ሊያታልልህ ይችላል። ብዙ ስልክ በፊት ካሜራው ያነሣውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል። ግራኙ ቀኝ ሆኖ ይወጣል፣ ቀኙ ግራኝ። አንዱን ሾጣጣ ከነእጅህና ከነፊትህ ያነሣኸው በዚሁ ይመስለኛል፣ ሸሚዝህ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይታያል። ገልብጬ ሳየው ቀዳዳው በቀኝ ነው፣ ስለዚህ ሊምኒያ ነው። ሳላስተውል ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ቡሊነስ ነው ብዬህ አርፍ ነበር። ሁልጊዜ በኋላው ካሜራ አንሣ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጥ፣ አፉ በደንብ ይታይ።

ሌላው ሾጣጣ ግን በኋላ ካሜራ የተነሣ ነው፣ እውነተኛ ግራኝ ነው። ቡሊነስ ይሁን ፊዛ ከፎቶው ልነግርህ አልችልም። እነዚህ ሁለቱ ባለሙያም ያምታታሉ። ፊዛ መሠረቱ ሰሜን አሜሪካ ነው፣ ዓለምን ዞሮ አፍሪካም ገብቷል። ቅርፊቱ ያብረቀርቃል፣ የቡሊነስ ደብዘዝ ይላል። ግን ጭቃ የነካው ፊዛም ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ብርቅርቁ ብቻውን አይበቃም። የሚያስማማው በሕይወት እያለ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ማየት ነው። ተረጋግቶ መሄድ ሲጀምር የፊዛ ሥጋ ጠርዝ እንደ ጣት ያሉ ቀጫጭን ነገሮች አውጥቶ ቅርፊቱን ከውጭ ሲያቅፈው ታያለህ። ቡሊነስ ይሄ የለውም። ደማቸውም ይለያል፤ የቡሊነስና የባዮምፋላሪያ ደም እንደኛው ቀይ ነው፣ የፊዛና የሊምኒያ አይደለም። ለዚህ ብለህ በእጅህ አትጨፍልቅ ግን። ሊምኒያን በብርጭቆ ስታየው ደግሞ ቀንዶቹ ሰፋ ያሉ ሦስት ማዕዘን ናቸው፣ የሌሎቹ እንደ ክር ቀጫጭን ናቸው።

አንድ ቀላል ማጣሪያም አለ። ሲነካ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን በጠንካራ ክዳን የሚዘጋ ካገኘህ፣ ባዮምፋላሪያም ቡሊነስም ሊምኒያም አይደለም። እነሱ ክዳን የላቸውም። ባለ ክዳኑን ተወው።

እስካሁን ያልኩህ ወገኑን ለማወቅ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ዝርያ ስትሄድ ቅርፊት ያከትምለታል። ቡሊነስ ውስጥ አራት ቡድን አለ፣ አንዱ ቡድን ውስጥ ያሉት ትሩንካተስና ትሮፒከስ የሚባሉት ቅርፊታቸው ስለሚደራረብ የሚለዩት በክሮሞሶም ብዛት ነው፤ ትሩንካተስ የትሮፒከስን እጥፍ ይይዛል። ይሄ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ዛሬ ዘረ መል አንብቦ መለየትም ተችሏል። ቦይ ዳር ቆሞ በፎቶ «ይሄ እከሌ ዝርያ ነው» የሚልህን አትመን፣ እኔም ብሆን።

ወገኑን ማወቅና በሽታ መያዙን ማወቅም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባዮምፋላሪያ ስለሆነ ብቻ የተበከለ ነው ማለት አይደለም። ሲፈለፈል ንጹሕ ነው። በሽታውን የሚያገኘው ከሰው ነው፤ በሰገራ የወጣው እንቁላል ውኃ ሲነካ ይፈለፈላል፣ የሚወጣው እጭ በሰዓታት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ ያ ቀንድ አውጣ ሰው የሚይዙ እጮችን በየቀኑ በመቶዎችና በሺዎች መልቀቅ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቦይ ውስጥ የተያዙት ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ይበቃሉ።

መያዙን ለማየት አንድ አንዱን በየብርጭቆው አድርገህ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ አትጠቀም፣ ይገድላቸዋል። እጮቹ ከወጡ በአጉሊ መነጽር ሲዋኙ ይታያሉ። ግን ይሄን ቤትህ እንድትሠራው አልመክርም፣ ልጆች ባሉበት በፍጹም። ውጤቱም ያሳስታል። ጅራታቸው የተሰነጠቀ፣ የወፍ ጥገኛ የሆኑ ሌሎች እጮች አሉ፣ በተራ መነጽር ከሰው ቢልሃርዝያ አይለዩም። አንድም ካልወጣ ደግሞ ምናልባት ተይዞ ገና ጊዜው አልደረሰ ይሆናል።

«ቡሊነስ የሽንቱን ቢልሃርዝያ ያስተላልፋል ሲባል ሰምቻለሁ» እንደምትል አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በቦታው። በአገራችን የሽንቱ ዓይነት የቆላ በሽታ ነው። የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ800 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው፣ መካከለኛና ታችኛው አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ኩርሙክ። በአዋሽ የሚያስተላልፈው ቡሊነስ አቢሲኒከስ የሚባለው ነው። ወይና ደጋ ላይ የሚገኙት ቡሊነሶች የኛን አገር የሽንት ቢልሃርዝያ አያስተላልፉም። ስለዚህ ግራኙ ሾጣጣ ቡሊነስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሐርቡ ላይ አያስጨንቅህም። ከወሎ ወርዶ አዋሽ እርሻ ላይ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ሽንቱ ደም ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ሰገራ ብቻ ሳይሆን ሽንትም ይመርመር፣ የት እንደሠራም ለሐኪሙ ይንገር።

የአንጀቱ ግን በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው የሚኖረው። ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ የቦርከና ዳርቻ መሀል ላይ ይወድቃሉ። ባዮምፋላሪያ 25 ዲግሪ አካባቢ ያለ ለዘብ ያለ ውኃ ይወዳል። ደሴ ላይ ያለው ብርድ አይመቸውም፣ ታች አፋር ያለው ሙቀትም ይበዛበታል። የናንተ ቦይ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር የበዛበት፣ ለሱ ገነት ነው።

ወደ እንዶድ። ሐሳብህ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አገኙ፣ ከዚያ የተነሣው ምርምር ዓለም አቀፍ ሆነ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ክርክር የለበትም። ያንተ ቦይ ላይ ግን አትድፋ። ቀንድ አውጣ ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ ዓሣም ይገድላል። መጠኑ የሚሰላው በውኃው ብዛትና ፍጥነት ነው፣ ፍሬውም ከቦታ ቦታ ጉልበቱ ይለያያል፤ በግምት የተደፋ ወይ አይበቃም ወይ ይተርፋል። ከታች ያለ ሰው ከብቱን ያጠጣል፣ እሱም ይጠይቅሃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢሳካልህ እንኳ አይዘልቅም። ባዮምፋላሪያ ወንድም ሴትም ነው፣ ብቻውን እንቁላል ይጥላል። አንድ ከተረፈ፣ ወይም ከላይ አንድ በጎርፍ ከወረደ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ቦዩ እንደነበረ ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድርቅ የሚያሳልፍም አለ። ለቀንድ አውጣ መግደያ የሚውለው ኬሚካልም፣ ኒክሎሳማይድ የሚባለው፣ ዓሣና እንቁራሪት ይፈጃል፤ ሥልጠና ባለው ሰው፣ በመንግሥት ዕቅድ ካልሆነ አይነካም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ቀንድ አውጣውን መግደል ተወው፣ ሰዉን አሳክም። ቤተሰቡ ሁሉ ሰገራውን ይመርመር፣ አንተም ጭምር። በባዶ እግርህ ቦይ ውስጥ ቆመህ ሽንኩርት የምታጠጣ ሰው ንጹሕ ሆነህ ከተገኘህ ነው የሚገርመኝ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደት በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚወሰድ። ሆድ ሳይራብ ይዋጥ፣ ትንሽ ማቅለሽለሽ ይኖራል፣ ያልፋል። ያደጉትን ትሎች ይገድላል፣ ገና ያልበሰሉትን ግን በደንብ አይገድልም፣ ልጅህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና ይመርመር። መድኃኒቱ ክትባት አይደለም፤ ነገ ቦዩ ውስጥ ቢዋኝ ነገ ሊያዝ ይችላል። አብሽር፣ ቶሎ የታከመ ልጅ ይድናል። ዓመታት ችላ የተባለው ነው ጉበት የሚያበላሸው።

ውኃውን በተመለከተ፣ እጮቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ሲበረታ ነው፣ ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት። ልጆች ለዋና የሚወርዱት ልክ በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው ክፋቱ። ውኃ ማጠጣቱን ማለዳ አድርገው፣ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ግዛ። ማለዳ ግን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለውዱእ የሚሆነውን ውኃ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ቀድታችሁ በተከደነ ጀሪካን ሁለት ቀን ካሳደራችሁት እጮቹ በራሳቸው ይሞታሉ። ቦዩ ዳር ወርዶ እግር ከመታጠብ ይሄ ይሻላል። ቦዩን የምትጠቀሙ ሰዎች በደቦ ሣሩን እያጨዳችሁ፣ ደለሉን እያወጣችሁ፣ ሲመች ለጥቂት ቀናት እያደረቃችሁ ብትይዙት የቀንድ አውጣው ቁጥር ይቀንሳል፤ ፈጠን ብሎ የሚሄድ ንጹሕ ውኃ አይወድም። እና ሽንት ቤት። ከእርሻው በላይ በኩል ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው እስካለ ድረስ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቁላሉ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ግማሽ ሥራ ይሆናል።

ከብቶቹ ሌላ ናቸው። የነሱ ጉዳይ ያ ቀኝ ሾጣጣው፣ ሊምኒያ ነው። ሊምኒያ የጉበት ትል ያስተላልፋል። እዚህም ሁለት ተመሳሳይ አለ። ትንሹ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው፣ ጋልባ ትሩንካቱላ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ነው የምታገኘው፣ የደጋውን የጉበት ትል ይይዛል። ትልቁ፣ የመጨረሻው ጥቅል ነፋ ብሎ አፉ ሰፋ ያለው፣ ራዲክስ ናታሌንሲስ ነው፤ ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ የቆላውን ትልቁን የጉበት ትል ይይዛል። ያንተው ትልቁ ይመስለኛል። ግን በናንተ ከፍታ ሁለቱም ትሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ በቀንድ አውጣው ብቻ የከብቱን በሽታ አትወስን። ትሉ ከብት ቆዳ አይሰረስርም። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ ጨፋ ላይ ውኃ ዳር ያለውን ለምለም የሚግጥ ከብት ሁሉ ይጋለጣል። መንጋጋው ሥር ያበጠ፣ የዓይኑ ውስጠኛ ቆዳ የነጣ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቢሆንም የሚያከሳ ብዙ ነገር አለ፣ እንስሳት ክሊኒክ ወስደህ ፋንድያውን አስመርምር።

ገበያ ላይ በችርቻሮ የሚሸጠውን ክኒን አትግዛ። አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው የሚነካው፣ ጉበት ውስጥ ገና እየሄደ ያለውን ትንሹን አይነካም፤ ለሱ ትሪክላቤንዳዞል ይሻላል። ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ሐኪሙን ጠይቅ። የልጅህን ፕራዚኳንቴልም ለላም ልስጥ እንዳትል፣ የጉበት ትል ላይ አይሠራም። በቅርቡ ኮርማ የወጣባት ላም ካለችህ ደግሞ አስቀድመህ ተናገር፤ አልቤንዳዞል በእርግዝናዋ የመጀመሪያ አንድ ወር ተኩል አይሰጣትም።